ጋሼ በለጠን ከማኅበሩ ማንም አልጠየቃቸውም

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ኦሮራ ከተማ፣ የተኩስ መለማመጃ ውስጥ፣ አጠገቤ የነበረ ሰውዬ መሣሪያውን ሲወለውል የዘይቱ ሽታ መጣብኝ። እንደበሰለ ሙዝ ይጣፍጣል፣ እንደ ጋዝም ይሰነፍጣል። ወዲያው ጋሼ በለጠ ፊቴ ድቅን አሉ።

ግሌንዴል ስንኖር ከእኛ በላይ ያለው አፓርታማ የእሳቸው ነበር። የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዱ ነበር፤ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ሳሎናቸው ውስጥ ቡናማ ሶፋ፣ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሁሌ የተቆለፈ የብረት ሳጥን ነበር። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አንድ እሑድ ጋዜጣ አንጥፈው ሴሚ አውቶማቲክ ጠመንጃቸውን ፈታተው ሲያጸዱ ደረስኩና፣ "ጋሼ፣ ይሄ የጦርነት አይደል እንዴ? ምን ያደርግልዎታል?" አልኳቸው። ድፍረቴ!

ሳቁና ቀኝ እጃቸውን አሳዩኝ። የመኪና አደጋ አንጓቸውን ሰባብሮት ነበር። "ሌላውን ጠመንጃ በተኮስሽ ቁጥር በእጅሽ ታቀባብይዋለሽ። ይሄኛው ራሱ ያቀባብላል፤ ትከሻም ብዙ አይመታም። አጋዘኗን ባቆስላት ደግሞ ሁለተኛዋን ጥይት ቶሎ አድርሼ እገላግላታለሁ። ቆስላ ጫካ ከገባች ኃጢአቱ የኔ ነው።" ከዚያ ዓይናቸው በራ። "የተኩስ ውድድር ላይስ? ጤነኛ እጅ ካላቸው እኩል እቆማለሁ!" ቃታው አንዴ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ እንደሚወጣም ነገሩኝ። እኔ እንደ ፊልሙ የሚንጣጣ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት በዜና የጅምላ ግድያ ሰማን። እናቴ ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ በሩ ላይ እጄን አልለቅም ትል ነበር፤ ፍርሃቷን አልንቀውም። ግን የሰዉ ፍርሃት ዞሮ ዞሮ ጋሼ ላይ አረፈ። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር የእሳቸው ተራ ነበር፤ ጽዋውም እሳቸው ቤት ነው። በዚህ ከተማ ዘመድ የሚሏቸው እነዚያን የማኅበር ሰዎች ብቻ ነበር። መልእክተኛዋ እናቴ ሆነች፤ እኔም ተከትያት ወጣሁ።

"ጋሽ በለጠ፣ ወይ ጠመንጃውን ይሽጡ፣ ወይ ጽዋውን ይመልሱ ብለዋል።"

"ማንን ገደልኩ?"

እናቴ እጄን ይዛ ወደ በሩ ዞረች።

"አልሸጥም! የሌላ ሰው ወንጀል አልሸከምም። ደግሼ እጠብቃለሁ በያቸው።"

ደገሱም። በዚያ እጃቸው ሁለት ቀን ሙሉ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ታጣፊ ወንበር ሲደረድሩ ሰነበቱ። በሚካኤል ዕለት እኛ ቤት ቁጭ ብለን ኮቴያቸውን ከላይ ስንሰማ ዋልን፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። የሚያንኳኳ ጠፋ። "እንሂድ እንጂ!" ብዬ አለቀስኩ። እናቴ የቲቪውን ድምፅ ከፍ አደረገችው። በማግስቱ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በራችን ላይ አገኘነው። በወሩ ቤቱን ለቀው ወደ ዋዮሚንግ ግዛት ሄዱ፤ ከዓመታት በኋላ እዚያው አረፉ። ጠመንጃውን ግን አልሸጡትም። እሰይ! እኔ ኮርቼባቸዋለሁ።

ዘንድሮ ኅዳር ማኅበሩ እኔ ጋ ደረሰ። ለሁሉም ደወልኩ። "ቤቴ ጠመንጃ አለ፣ የጋሼ በለጠ ዓይነት። ለአደንና ለውድድር ነው፤ ተቆልፎበታል። መቅረት የፈለገ ይቅር፤ አልለምንም!"

መጀመሪያ ያንኳኳችው እናቴ ናት። ነጠላዋን ሳታወልቅ ሳሎኑ መሃል ቆመች።

"ለምን እንደያዝሽው ንገሪኝ" አለችኝ። "እሳቸውን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።"