የማይበሰብስ የቀፎ ልብስ

ማሻ ከተማ አጠገብ፣ ከአባቴ ጓሮ በታች አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። አያቴ ቀፎ ሲሰቅልበት ኖሮ ለአባቴ ያወረሰው ነው። በእኛ አገር ንብ ያለበት ዛፍ ላይ ማንም መጥረቢያ አያነሣም። አባቴ ጉልበቱ ሲደክም ሌሎቹን ቀፎዎች ለወንድሞቼ ሰጠ፣ ያቺን የዋንዛዋን ግን እንቢ አለ። "እሷ ከሄደች እኔስ ምን ቀረኝ?" ይል ነበር።

ቀፎ ዝናብ የሚችለው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው። ቅጠሉ ስለሚበሰብስ ደግሞ በየዓመቱ ወጥቶ መቀየር አለበት። አባቴ መውጣቱ ከብዶት ነበር፤ ሰው መለመን ደግሞ ለእሱ ሞት ነው።

በኮሮናው ጊዜ ከመንደራችን በላይ ያለው ጤና ጣቢያ ሠራተኞቹ ለብሰው ያወለቁትን ሰማያዊ ጋውን፣ ማስክና ጓንት ጫካው ዳር ጉድጓድ ውስጥ ይጥል ነበር። ይቃጠላል ተባለ፤ ማን አይቶ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጉድጓዱን ሞልቶ ሁሉንም ወደ እኛ አወረደው። ብንጠይቃቸው ጥፋቱ የጎርፉ ነው አሉን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

አባቴ ጋውኖቹን ከየቁጥቋጦው ለቅሞ አጠበ። ውሃ ቢያፈስባቸው ጠብ አላለም። "ይሄ እስክሞት ይበቃኛል" ብሎ እንደምንም ዛፉ ላይ ወጣና ቀፎውን ደራርቦ ጠቀለለው፤ በራሳቸው ማሰሪያም ጥፍር አድርጎ አሰረው። እኔ ሚዛን ከተማ ሻይ ቤት እሠራ ስለነበር በስልክ ነገረኝ። ድምፁ የጎረምሳ ድምፅ ነበር።

ጨርቁ እውነትም ዝናብ አላስገባም። የውስጡንም እርጥበት ግን አላስወጣም። ክረምቱ ሳይወጣ ቀፎው ሻገተ፤ ንቦቹም አንድ ጠዋት ተነሥተው ሄዱ፣ ከዚያም አልተመለሱም። እኔ እስካሁን የምናደደው በአባቴ አይደለም። ያንን ሁሉ ቆሻሻ በሰው ጓሮ ላይ ጥለው፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ቤታቸው በገቡት ነው።

ውሎ አድሮ ቀፎው ፈራርሶ ወደቀ። ጋውኑ ቅርንጫፉ ላይ ተጠምጥሞ ቀረ፤ ቅርንጫፉ ስለነቀዘ ወጥቶ የሚያወርደው የለም። ወንድሞቼ ዛፉን ለጣውላ ሊቆርጡት ይፈልጋሉ። የሚጠብቁት አባቴ "ንብ የለበትም" እስኪል ነው።

አሁን ዓይኑ ፈዟል። ባለፈው ልጠይቀው ሄጄ ዋንዛው ሥር ተቀምጠን ሳለ ነፋስ መጣና ጋውኑ ከላይ ይርገበገብ ጀመር። አባቴ ወሬውን አቋርጦ ክንዴን ያዘኝ።

"ንቦቹ መጡ" አለ። "ትሰሚያለሽ?"

ቀና ብዬ ሰማያዊውን ጨርቅ አየሁት።

"እሰማለሁ አባዬ" አልኩት።