ጓድ ጅቦ

ልጅ ሳለሁ በእኛ ሰፈር ጅብ በባዶ ስሙ አይጠራም ነበር። ደረቁን «ጅብ» ብሎ የጠራው ሰው ቤት ሰምቶ ይመጣል ስለሚባል፣ ትልቁም ትንሹም እንደ ታላቅ ወንድም «አያ ጅቦ» ይለው ነበር። ያኔ ሀዋሳን «አዋሳ» ነበር የምንላት፤ ቤታችንም ከታቦር ተራራ ሥር ነበር። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ አሞሮች ከዓሣ ገበያው ከአሞራ ገደል ተነሥተው ወደየዛፋቸው ይበራሉ፤ ቀጥሎ የፈረስ ጋሪዎቹ እየተንቋቁ ይገባሉ፤ ከዚያ ከተራራው ላይ «ኡኡኡ-ዊ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። እናቴ «ይኸው መጣልሽ፣ ነይ ግቢ!» ትለኛለች። እኔ ግን የምሮጠው ወደ አባባ ዳንጊሶ እሳት ነበር።

አባባ ዳንጊሶ ከቤታችን ፊት ለፊት የነበረው የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ካፖርት የማያወልቁ የሲዳማ ሽማግሌ። ማታ ማታ ፋኖሳቸውን በሩ ላይ ሰቅለው፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ አንድደው ይቀመጣሉ፤ እኛ የሰፈሩ ልጆች ዙሪያቸውን እንከባለን፤ ጭሱ ወደዞረበት ያለው ልጅ ዓይኑን እያሸ ይቀመጣል እንጂ ቦታውን አይለቅም፣ ከለቀቀ ሌላው ይወርሰዋላ። አማርኛ ለእሳቸው ሁለተኛ ቋንቋ ስለነበር ወንድና ሴቱ ይደባለቅባቸዋል። እኔን «አንተ» ይሉኛል፣ ጅቡን «እሷ»። «አባባ፣ ወንድ እኮ ነው!» ብለን ስናርማቸው «ነው? እንግዲያው ሂድና ጠይቃት!» ብለው ወደ ጨለመው ተራራ ይጠቁሙናል።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የምንወደው የድግሱን ነበር። አያ ጅቦ በስህተት አህዮች ቤት ሠርግ ይጠራል። «ማንንም አልበላም» ብሎ ምሎ ከበሩ ሥር ይቀመጣል። እውነቱን ነው፣ ማንንም አልበላም። ግን ሆዱ ሲጮህበት መጀመሪያ የራሱን ቀበቶ በላ፤ ቀጥሎ የተቀመጠበትን ቁርበት በላ፤ ሰው ዞር ሲልለት ደግሞ ከበሮውን! ሙሽሪት ልትወጣ ስትል ከበሮ የለም። ሠርጉ ወደ ለቅሶ ሊለወጥ ሆነ። ያኔ አያ ጅቦ በኀፍረት ተነሥቶ በጀርባው ተንጋለለና «ከበሮው ያለው እዚህ ነው፣ ምቱት» ብሎ ሆዱን ሰጠ። አህዮቹ እስኪነጋ ሆዱን እየደለቁ ጨፈሩ። አባባ እዚህ ሲደርሱ ካፖርታቸውን ገለጥ አድርገው ሆዳቸውን ድም ድም ያደርጉታል፤ እኛም እንከተላለን፤ የእኔ ጎረቤት የነበረው ልጅ እራቱን ጠግቦ የመጣ ለት ድምፁ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ወይ ደስታ! ሳቃችን እናቶቻችንን ከየደጃፉ ያስወጣቸው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አየለ ስብሰባ ጠሩ። ጓድ አየለ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ካኪ ሸሚዛቸው ቦርጫቸው ላይ አልቆለፍ ብሎ የሚያስቸግራቸው፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። መመሪያ ሲመጣ ግን ቀልድ አያውቁም። «ከእንግዲህ አያ፣ እትዬ፣ ጋሼ የሚባል የፊውዳል ቅሪት የለም!» አሉ። «ሁላችንም ጓድ ነን!» እናቴ ከስብሰባው ስትመለስ ከበሩ ጀምራ «ጓድ ልጄ፣ ሽንኩርቱን ላጪ» አለችኝ። አባቴን «ጓድ ባሌ» ስትለው ሻዩ ትን አለው።

በዚያ ምሽት አባባ ዳንጊሶ እሳቱን ቆስቆስ አድርገው ሊጀምሩ «አያ...» ብለው አቋረጡ። ግራ ቀኝ አዩ። «መመሪያ መመሪያ ነው» አሉ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። «አያ የለም ተብሏል። ስለዚህ፣ ጓድ ጅቦ ድግስ ተጠራች።» በሳቅ ፈረስን። እሳቸው ግን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ «ስሙኝ፤ ይቺ ቃል ከዚህ እሳት ከወጣች እኔ እገባለሁ» አሉን። የት እንደሚገቡ አልጠየቅንም። ያኔ የሚገባበትን ሕፃን ሁሉ ያውቀው ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእትዬ ከድጃ አህያ ተበላ። እትዬ ከድጃ ጎረቤታችን ነበረች፤ ድንችና ሽንኩርት ከገበያ የምታመጣው በዚያ አህያ ነበር። ዕቃ ቤቷ በጆንያ ስለሞላ አህያውን ደጅ አስራው አድራ ጠዋት ገመዱን ብቻ አገኘችው። ሰፈሩን በጩኸት ቀወጠችው። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ! የእኔው ደግሞ የሰው ባል ሆኖ አህያዬን አላስጣለም፣ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ!» ባልዬው ከኋላዋ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሰው ሳቁን ቢውጥም ለቅሶዋ ግን የእውነት ነበር። አህያ ማለት ለእሷ እግሯም ጀርባዋም ነበር፤ እኔም አብሬያት አልቅሻለሁ።

ወዲያው ወሬው መጣ፤ እሑድ ስብሰባ አለ፣ ሥጋ በመርዝ ተለውሶ ታቦር ላይ ይበተናል፣ የአዋሳ ጅብ ከነዘሩ ይጠፋል። ቅዳሜ ምሽት እንደ ልማዳችን እሳቱ ዘንድ ተሰበሰብን። አባባ ዳንጊሶ ግን ጀርባቸውን ለመጋዘኑ ግድግዳ ሰጥተው ተቀምጠዋል። «አባባ፣ የድግሱን!» አልን። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለቅሶ ቤት ተረት አይነገርም» አሉ። «ነገ መርዝ ከተባለ ጓድ ጅቦ ትሞታለች። የሞተችን እያነሣሁ አልስቅም፤ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ተረት አለቀ ማለት ነው።»

ቀልድ መስሎን ጠበቅን። አልነበረም። ፍሙ ሲከስል አየነው፤ ከተራራው ላይ ያ ድምፅ መጣ፤ ማንም ልጅ አልሳቀም። ራዲዮ በሌለበት፣ መጽሐፍ እንደ ብርቅ በሚታይበት ቤት ላደገች ልጅ፣ ያ እሳት ከጠፋ ምን ይቀራታል?

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። እኛ ልጆች በመክፈቻው ላይ ስለምንዘምር ፊት ለፊት ተቀምጠናል፤ አባባ ዳንጊሶ ዱላቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ጓድ አየለ ተነሥተው «ጅብ የሰፊውን ሕዝብ ንብረት የሚበላ ፀረ-ሕዝብ ነው! ይውደም!» ሲሉ፣ አዳራሹ በግራ እጁ «ይውደም!» አለ። እትዬ ከድጃ ስለ አህያዋ እንባዋን እየጠረገች ተናገረች፤ ብዙ ሰው ከንፈሩን መጠጠላት። ከአሞራ ገደል የመጣ አንድ ዓሣ አስጋሪ ግን ተነሥቶ፣ «መርዙን ዝናብ ሲያጥበው የት ይሄዳል? ቁልቁል ወደ ሐይቁ አይደል? ዓሣውስ ጅብ ነው እንዴ?» አለ። ከኋላ አንዱ «ጅብ ከሌለ የከተማውን ጥንብ ማን ያነሣል?» ብሎ ቶሎ ተቀመጠ። ከኋላችን እናቴ አጠገብ ያለችው፣ በድብቅ የምትጸልየው ጎረቤታችን ደግሞ፣ «ኖኅ እንኳ መርከቡ ላይ ቦታ ሰጥቶታል» ብላ አንሾካሾከች። ቢሆንም የብዙው ሰው ልብ ወደ መርዙ እንዳዘነበለ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ጅብን ማን ይወደዋል?

«እንግዲህ የሚቃወም አለ?» አሉ ጓድ አየለ፣ የለም ለማለት ያህል። እጄ ወጣ። እኔ ነኝ ያወጣሁት ብዬ ለመማል ይቸግረኛል፤ ብቻ ወጣ። እናቴ «ውይ በሞትኩት፣ ይቺ ምላሰኛ!» ስትል ሰማኋት። ብድግ ብዬ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣

«ጓድ ጅቦን አትግደሉብን!» አልኩ።

ያመለጠኝ ምን እንደሆነ የገባኝ የሌሎቹን ልጆች ፊት ሳይ ነው፤ ሁሉም አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ምን አልሽ?» አሉ ጓድ አየለ።

«ጓድ... ጅቦን።»

«ማነው እንዲህ ብለሽ ጥሪ ያለሽ?» ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ዝቅ ማለቱ ከጩኸታቸው ይብስ ነበር። ወደ በሩ አየሁ። አባባ ዳንጊሶ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዩኛል። «እኔ እገባለሁ» ያሉት ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። መርዙ ቀርቶ፣ እኔው ራሴ እሳቱን ላጠፋው ነው! ከዚያ አፌ ላይ የመጣልኝን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ፍርሃትም ይሁን ብልጠት፣ ውሸት ግን አልነበረም።

«እርስዎ ነዎት» አልኩ።

«እኔ?!»

«አያ ማለት ቀርቷል፣ ሁላችንም ጓድ ነን ብለዋል። እኛ ድሮ አያ ጅቦ ነበር የምንለው።»

መጀመሪያ የሳቀችው፣ ማን ትሆናለች ትላላችሁ፣ እትዬ ከድጃ ናት። «ወይኔ ጉዴ!» አለች እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ ሳለ፣ «ለካ አህያዬን የበላብኝ ጓድ ኖሯል!» ወንበሩ፣ ቆርቆሮው፣ ሰዉ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ፈነዳ። ባሏ ሳይቀር ከተቀመጠበት ወደቀ። ሁላችንም ወደ ጓድ አየለ አየን። ጥርሳቸውን ነክሰው ቆመዋል፤ ፊታቸው አልሳቀም፤ ቦርጫቸው ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። መንቀጥቀጡ ወደ ላይ ወጣ፣ ትከሻቸው ደረሰ፣ ከዚያ የሸሚዛቸው ቁልፍ ተስፈንጥራ ሄደች፤ እሳቸውም ጠረጴዛውን ይዘው ከት ብለው ሳቁ።

ከዚያ ሳቅ በኋላ «ይውደም» የሚል አንደበት ጠፋ። እትዬ ከድጃ ዓይኗን ጠርጋ፣ «እኔ ጅቡ ቢሞት አህያዬ አይነሣልኝም። ነገ ሌላ ሳመጣ የማሳድርበት በረት ስጡኝ» አለች። ጓድ አየለም ድምፃቸውን ጠርገው፣ ጥፋቱ የበረት እጦት መሆኑን ሕዝቡ እንደተረዳ፣ መርዙም እንደቀረ አስታወቁ። በረቱ በዘመቻ ተሠራ። ከታቦር ድንጋይ እየተቀባበልን፣ እየዘፈንን፣ መጋዘኑ አጠገብ ከሰው ቁመት በላይ ካብነው፤ የሰፈሩ አህያና ፈረስ ሁሉ እዚያ ያድር ጀመር፣ ዘበኛቸውም አባባ ዳንጊሶ።

በረቱ ባለቀ ዕለት ምሽት እሳቱን ከበን ሳለ አንድ ሰፊ ጥላ ከፋኖሱ ሥር መጣ። ጓድ አየለ! አባባ ሊነሡ ሲሉ «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» ብለው ድንጋይ ስበው አጠገባችን ተቀመጡ። ጭሱ ወዲያው ወደ እሳቸው ዞረ። ዓይናቸውን እያሹ፣

«እስቲ ሰፈሩ ሁሉ የሚስቅበት፣ ያ ድግስ የተጠራው ምን ሆነ?» አሉ።

አባባ ዳንጊሶ ጥቂት አመነቱና «አያ ጅቦ...» ብለው ጀመሩ።

«መመሪያ!» አሉ ጓድ አየለ ጣታቸውን ቀስረው።

«ጓድ ጅቦ ድግስ ተጠራች» አሉ አባባ፣ ፊታቸው በሳቅ ተሞልቶ። ቀበቶው ተበላ፤ ቁርበቱ ተበላ፤ ከበሮው ተበላ። ሆዱ ጋ ሲደርሱ እኛ ልጆች ሳናስበው ሁላችንም ወደ አንድ ቦርጭ አየን። አባባ ዳንጊሶም አዩና ተረታቸው ቆመ። ጓድ አየለ እያንዳንዳችንን ተራ በተራ ተመለከቱን። ከዚያ ካኪያቸውን ገለጥ አድርገው በሁለት እጃቸው፣ ድም! ድም! ድም! እንዲህ ያለ ከበሮ ሰምቼ አላውቅም። ከታቦር ላይ «ኡኡኡ-ዊ!» ሲል መለሰልን፤ ከበረቱ ውስጥ አህዮቹ ጆሯቸውን አቆሙ፤ እኛ ግን እየጨፈርን ነበር። በሕይወቴ ብዙ ሠርግ በልቻለሁ፤ የዚያን ምሽት ያህል የተደሰትኩበትን አላስታውስም።

ዘመኑ አለፈ። አባባ ዳንጊሶ በእድሜ ጠግበው ዐረፉ፤ መጋዘኑ ፈርሶ ፎቅ ቆመበት፤ በጋሪው መንገድ ባጃጅ ይርመሰመስበታል። የሰፈሩ ሰው ወደ አያውና ወደ እትዬው ተመለሰ፤ ጓድ አየለም ሸምግለው፣ ጋሼ አየለ ተብለው፣ ማታ ማታ ለልጅ ልጆቻቸው ሆዳቸውን ሲደልቁ አይቻቸዋለሁ። አንዳንድ ምሽት ባጃጁ ጋብ ሲል ከታቦር ያ ድምፅ ዛሬም ይመጣል። የወንድሜ ልጅ በቀደም በመስኮቱ ሰምታ «አክስቴ፣ ማነው?» አለችኝ። አፌ ሌላ ስም አያውቅምና «ጓድ ጅቦ ነው» አልኳት። ያ ሁሉ ጓድ ከነመመሪያው አልፎ፣ በእኛ ሰፈር ዛሬም በማዕረጉ የሚጠራው እሱ ብቻ ነው።