ያላፈጠረችው ዓሣ

ዐረብ አገር፣ ኾበር ከተማ፣ አል ዑለያ ሰፈር የምሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ ሣር የተተከለበት ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለ። ቀለብ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ረመዳን ሊገባ ሲል አሠሪዬ ማዳም ሲክሊድ የሚባሉ ቢጫ ዓሦች ገዝታ ከነባሮቹ ጋር ቀላቀለቻቸው። እነሱም ሣሩን ከሥሩ እየነቀሉ፣ ትንንሾቹን እያሳደዱ ገንዳውን አመሱት።

ጾሙ ሲገባ ከመካከላቸው አንዷ መብላት አቆመች። ቀለቡ አጠገቧ ሲያልፍ እያየች ዝም ትላለች። አገጯ አብጦ፣ አፏን ግጥም አድርጋ ጥግ ይዛ ቆመች። "አንቺም እንደኛ ጾም ያዝሽ?" እያልኩ እስቅባት ነበር። መግሪብ ደርሶ እኛ ስናፈጥር ግን እሷ አታፈጥርም። እየከሳች ስትሄድ ሳቁም ተወኝ።

አንድ ቀን ከኢፍጣር በፊት ማዳም አየቻትና፣ "ይህቺ ታማለች። ሌሎቹን ሳታስይዝ አውጥተሽ ጣያት፣ ኸላስ፣ በቃ" አለችኝ። አንጀቴ አልቻለም፤ ግን ምን ላድርግ፣ መረቡን ይዤ "ቢስሚላህ" ብዬ እጄን ውሃው ውስጥ ሰደድኩ።

መረቡ ሲነካት አፏን ከፈተች። ከአፏ ውስጥ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ልጆች ተግተልትለው ወጡ። እጄ ባለበት ደርቆ ቀረ። ልጆቹ ትንሽ ተበተኑና ደንግጠው ተመልሰው እናታቸው አፍ ውስጥ ገቡ። እሷም መልሳ ገጠመችው።

"ሱብሃነላህ" አለች ማዳም ከኋላዬ። ከዚያ፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል በሹክሹክታ፣ "እጅሽን ቀስ ብለሽ አውጪ" አለችኝ።