ቀይ ነጥብ ያለባቸው ጣሳዎች

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ተሳፈርኩ። የምግብ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት እዚያ አንድ ሱቅ ውስጥ ሃያ አራት ያበጡ የአተር ጣሳዎች አግኝቼ፣ እንዳይሸጡ በእያንዳንዳቸው ላይ በቀይ ቀለም ነጥብ አድርጌ ባለሱቁን አስፈርሜ ነበር። ጽሑፋቸው በባዕድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ ሕጉ ግን ገዢው ማንበብ የሚችለው ይሁን ይላል። ዛሬ የማስወገጃው ደብዳቤ በኪሴ ነው።

ሚኒባሱ መቶ ብር አስከፍሎ፣ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራት አስቀምጦ፣ ለከሰል በተተከለው ዛፍ መካከል ወሰደን። እኔም እያንቀላፋሁ ደረስኩ።

ዳንግላ፣ ሦስት ሰዓት

ባለሱቁ ጠበል ሄዷል፤ ሱቁን የያዘችው ሚስቱ ናት። መደርደሪያው ላይ ቀይ ነጥብ ያለበት አንድም ጣሳ የለም።

«አልቀዋል ጋሼ!» አለችኝ ደስ ብሏት። «ባለቤቴ አትንኪያቸው ሲለኝ ለደህና ደንበኛ ያስቀመጣቸው መስሎኝ። መንግሥት መርጦ ምልክት ያደረገበት፣ ደግሞም ጢም ብሎ የሞላ! አዲስ ቅዳም ከሰል የሚነግዱት እትዬ አገሬ ሁሉንም ወሰዷቸው። ልጃቸው ተመርቃ ዛሬ ድግስ ነው።»

ክው አልኩ። ስልክ ብንደውል ኔትወርክ የለም። ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ አላስቻለኝም፤ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ እየጸለይኩ ተፈተለኩ።

አዲስ ቅዳም፣ አምስት ሰዓት

ድንኳኑ ሞልቷል። ሃያ አራቱም ጣሳዎች ሳይከፈቱ፣ ቀዩ ነጥብ ወደ እንግዳው ዞሮ፣ እንዲታዩ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። እትዬ አገሬ መክፈቻውን ይዘው ቆመዋል።

«እትዬ፣ እባክዎ አይክፈቱት! ተበላሽቷል!» አልኩ የቢሮ መታወቂያዬን እያሳየሁ።

«ደህና ደህናውን ለቢሮ ልትወስዱት ነው? ለእንግዶቼ የከሳውን ላቅርብ?»

አንዱን ወደ ውጭ ይዤ ወጥቼ በቢላ ወጋሁት። ፍስስ ብሎ የገማ ውሃ ሸሚዜ ላይ ረጨ። የተመረቀችው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። እናትየዋ መክፈቻውን ጣሉና ልጃቸውን አቀፏት።

ጣሳዎቹን ሁሉ በጆንያ ሰብስቤ ልሄድ ስል ጠሩኝ።

«እስኪ ንገረኝ ልጄ፣ ቀይ ማለት አትብሉ ማለት መሆኑን ለማን ነገርክ?»



እንጅባራ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ቤቴ ገብቼ ሸሚዜን አጠብኩ፤ ሽታው አልለቀቀም። ገዢው የማያነበውን ምልክት የለጠፈ ይቀጣል የሚለውን ሕግ ይዤ ስዞር፣ ሃያ አራት ጊዜ የጣስኩት እኔው ነኝ። ጥፋተኞችን የምመዘግብበትን ደብተሬን አውጥቼ፣ ከባለሱቁ ስም በታች የራሴን ስም ጻፍኩ።