ፈቃድ ጠያቂው ተሳፋሪ

ከላስ ቬጋስ ኤርፖርት ታክሲዬ ውስጥ የገባው ሰውዬ ሱፉ የኃላፊ ነው፤ አቀማመጡ ግን የእስረኛ። ጀርባውን አቅንቶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ውሃ ስሰጠው፣ «መጠጣት ይፈቀዳል?» አለኝ። ለሥራ ቶኪዮ ሄዶ፣ እዚያ በተከለከለ ክኒን ሃያ ቀን ታስሮ መፈታቱን ነገረኝ። አንጀቴን በላኝ።

ስትሪፕ፣ የካዚኖዎቹ ጎዳና ላይ ስንደርስ ስልኩ ጠራ፤ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ አነሳው። «ልጄስ? መቼ ይለቋታል?» አለች አንዲት ሴት፤ ቶኪዮ አብራው የሄደች ጸሐፊ ነበረችው፤ የእሷ እናት ናት።

«ክኒኔን ያዢልኝ ስላት እምቢ ማለት ትችል ነበር። የተገኘው እሷ ሻንጣ ውስጥ ነው። ሕጋቸው ነው፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ዘጋባት።

ከዚያ እዚህ አገር ሐኪም የሚያዝለትን ያንኑ ክኒን ከኪሱ አውጥቶ፣ በሰጠሁት ውሃ ዋጠው። አሁን ፈቃድ አልጠየቀም።