የዘይነባ ሁለት ጠዋት

ሰሞኑን መታወቂያ ላሳድስ ጉለሌ ወረዳ ቢሮ ሄጄ ነበር። ወንበሩ ሁሉ ስለሞላ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ጉልበቴ ካስቸገረኝ ቆይቷል። አንድ ጎረምሳ ሽበቴን አየና፣ "አባት፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ እኛ እንደርሳለን" ብሎ የወረፋው ፊት አደረሰኝ። መርቄው መስኮቱ ፊት ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። አጠገቤ ከእኔ ቀጥላ የቆመች፣ ነጭ ጋዋን በክንዷ የያዘች ሴት አሥር ጊዜ ሰዓቷን ታያለች። "ሲስተሙ እየፈለገ ነው፤ ትንሽ ታገሱ" አለች መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ። ስክሪኑ ላይ ትንሽ ክብ ትዞራለች። እኔ ደግሞ የሚዞር ነገር ፊት መቀመጥ አልወድም፤ የቆየ ነገር ይቀሰቅስብኛል።

ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምር ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ያለችውን አንዲት ኮምፒውተርም ከእኔ በቀር የሚነካት አልነበረም። መስከረም ገብቷል፣ ዝናቡ ግን አልወጣም፤ የሰፈሩ ጭቃ ጫማ ይነቅላል። በእጅ ሳምንት የሚፈጀውን የክፍለ ጊዜ ድልድል በኮምፒውተር እሠራዋለሁ ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ መምህራኑን በዝርዝሩ ተራ እየወሰደ ለአንዱ ሰዓት ይሰጥና ወደ ቀጣዩ ያልፋል። የሚሰጠው ሰዓት ሲያጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የቅርቡን ሰው ሰዓት ይቀይራል፣ እንደገና ይሞክራል። ሰውም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ ሰው ግን ይሰለቸዋል፣ ማሽን አይሰለቸውም።

ኬሚስትሪ የምታስተምር ዘይነባ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ስትሮክ መትቷቸው አልጋ ላይ ስለዋሉ ሱቃቸውን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ወንድሟ የሚተካት ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ብቻ ነው። "እነዚህን ሁለት ጠዋቶች ካጣሁ እዚያው ሱቅ ውስጥ መቅረቴ ነው" ብላኛለች። ማስተማር ነፍሷ ነበር።

መምህራኑ የሚመቻቸውን ሰዓት የጻፉበትን ወረቀት እንደ አመጣጡ አስገባሁ። ስጋት ስላለባት ቀድማ የሰጠችኝ ዘይነባ ናት፤ ስለዚህ አንደኛ ሆነች። ሻዬን ሳልጨርስ ድልድሉ ወጣ። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን አይተው ፊታቸውን አጠቆሩ። "ምንድነው ይሄ? ትናንት የመጣች ልጅ ከጋሼ ደስታ በላይ? ነውር አይደለም እንዴ? ደግሞ አንድ ክፍል ተጨምሯል፤ ዝርዝሩን አስተካክለህ እንደገና ሥራው።"

እውነት ለመናገር እኔም አፈርኩ። ጋሼ ደስታ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው፤ እኔንም አስተምረውኛል። አጠገባችን ተቀምጠው ነበርና፣ "እኔን የትም ጣለኝ ልጄ፤ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነኝ" አሉ። ለትሕትና ያሉት መስሎኝ አንደኛ አደረግኳቸው። ሌሎቹንም በዕድሜና በአገልግሎት ደረደርኳቸው። ዘይነባ መጨረሻ ሆነች።

ረቡዕ ጠዋት አስነሳሁት። ዋለ፣ አልወጣም። እንደበራ ትቼው ሄድኩ፤ ሐሙስም ያው ነው። ዘይነባ ሱቁን ለጎረቤት አደራ እያለች ትመጣለች።

"ጨረሰ እንዴ?"

"ትንሽ ነው የቀረው።"

ከየት አመጣሁት? ምን እንደቀረው በምን አውቄ! ሐሙስ ከሰዓት መብራት ሄደ፤ ሲመጣ ያንኑ ዝርዝር ከመጀመሪያው አስነሳሁ። የከበደው የተጨመረው ክፍል ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። አጥፍቼ በሌላ ተራ ልሞክር የሚል ሐሳብ ብልጭ ብሎልኝ ነበር፤ ግን ይህን ሁሉ ጠብቄ አሁን ሊያልቅ ሲል ባቋርጠውስ? ታክሲ ሲጠብቅ ሰዓት ሙሉ የቆመ ሰው በእግሩ መሄድ እንደሚያንገበግበው ነው።

ዓርብ ምክትሉ ታክቷቸው ወረቀትና እርሳስ ይዘው ተቀመጡ። አልገጥም ያለቻቸው አንዲት ሰው ብቻ ናት። በእሷ ቦታ ሙሉ ቀን የሚገኝ ሰው ተተካ።

ዘይነባ ወሬውን የሰማችው በር ላይ፣ በቆሎ ከሚጠብሱት ሴቶች ፊት ቆመን ሳለን ነው። የገዛችውን በቆሎ ለሁለት ሰብራ ግማሹን ሰጠችኝና፣ "አንተ ምን ታደርግ፤ ማሽን ነው" አለችኝ። አጽናናችኝ እኮ! እሷ፣ እኔን!

ቅዳሜ በንዴት ተመልሼ ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ ገለበጥኩት። የተጨመረውም ክፍል እንዳለ ነው። ሻዬ ሳይበርድ ወጣ። ያኔ ገባኝ። ዘይነባ መጨረሻ ስትሆን ሁለቱን ጠዋቶቿን እነጋሼ ደስታ አስቀድመው ይዘውባታል። ማሽኑ ከእሷ ትንሽ ከፍ ያሉትን ሲያገላብጥ ይውላል፤ መነሳት ያለባቸው ግን ላይ ያሉት ናቸው፤ እዚያ እስኪደርስ ዕድሜም አይበቃው። ቀኑን ሙሉ የሚገኙት ሰውዬ ደግሞ የትም ይገቡ ነበር። ነግረውኛል እኮ።

ሰኞ ወረቀቱን ይዤ ምክትሉ ጋ ሄድኩ። "ሰው ቀጥረናል፤ አለቀ" አሉኝ። ከዚያ እውነቱን ልነግራት ሱቋ ሄድኩ። ስኳር ትመዝን ነበር፤ ቀና ብላ ሳቀችልኝ። ማሽኑ እንዳልሆነ፣ እኔ እንደሆንኩ መናገር አቃተኝ። ክብሪት ገዝቼ ተመለስኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ክቧ አሁንም ትዞራለች። ባለ ጋዋኗ ስልኳን አንስታ፣ "መጣሁ፣ እባክሽ ያዢልኝ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ" አለች። ሽበት መከበሩ መልካም ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ፣ ደክሞኛል። ግን ለኔ ክብር ማን ምን እንደሚከፍል አውቃለሁ፤ አላውቅም ብል ውሸቴን ነው።

ተነሳሁ። "ነይ ልጄ፣ አንቺ ቅደሚ።"

"እንዴ አባቴ! እርስዎ ቆመው?"

"ተቀመጪ ግድ የለሽም" አልኳት። "እኔ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነኝ።"