ሜዳ ላይ የሚሄድ እግር

ትናንት የማስተምርበትን ክፍል ግድግዳ ሲጠግኑ የእርጥብ ጀሶ ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

የታላቅ እህቴ የኢፍቱ እግር መሃሉ ከመጠን በላይ ጎብጦ፣ በውጭ ጠርዙ ብቻ ነበር የምትረግጠው። ሐኪሞች ከቁርጭምጭሚቷ በታች ያሉትን መጋጠሚያዎች አቃንተው አንድ ላይ አጣበቋቸውና እግሯን በጀሶ አሰሩት። ጀሶው ሲፈታ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሜዳ ላይ ያለ ሕመም ትሄዳለች» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ትሄዳለች» አለ አባታችን። ሜዳ የሚለውን ቃል ማናችንም ልብ አላልነውም።

ቤታችን ገጠር ሶፊ፣ ተዳፋቱ ላይ ከጫት እርከኖቹ በላይ ነው። የተጣበቀ መጋጠሚያ ወደ ጎን ስለማይዘነብል ተዳፋት ላይ እግር የመሬቱን ቅርጽ አይከተልም። ይህን ዛሬ ለተማሪዎቼ ማስረዳት እችላለሁ። ያን ቀን ግን ያየሁት ወደ ቤት ስንወጣ ኢፍቱ ገና የታችኛው እርከን ላይ ስትወድቅ ነው።

«ተነሺ እንጂ፣ ድነሻል እኮ» አላት አባታችን።

«አባዬ፣ እግሬ እንቢ አለኝ።»

ደጋግማ ሞክራ ደጋግማ ወደቀች። በማግስቱ አባታችን ከተማ፣ ሸዋ በር፣ አክስታችን ቤት አደረሳት፤ እዚያው ቀረች። አሁን አስፋልቱ ላይ ምንም ሳያማት ትሄዳለች።

ለኢድ ሶፊ የምሄደው ብቻዬን ነው። ስመለስ እናታችን የኢፍቱን የምግብ ድርሻ በሰሃን አድርጋ፣ ጠቅልላ ትሰጠኛለች። ሸዋ በር እስክደርስ ይቀዘቅዛል።